ከስድስት ኪሎ እስከ አራት ኪሎ፤ ተማሪዎች የጠየቁበት መንገድ

ከስድስት ኪሎ ወደ አራት ኪሎ የሚወስደው መንገድ ቁልቁለት ነው። ልጅ በእጁ ይዞ፣ እየቆመና እየተጫወተ ለሚሄድ ሰው እንኳ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅበት ነው። ብዙዎቻችን ይህን መንገድ የምናውቀው በታክሲ መስኮት ነው፤ በልጅነታችን ደግሞ በአንበሳ ግቢ። በዚህ ወር ግን በእግራችሁ እንድትሄዱበት ልጋብዛችሁ። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስለ ፍትሕ ያነሷቸውን ጥያቄዎች ይዘው አደባባይ የወጡት እዚህ አካባቢ ነው።

ጥያቄዎቹ ትልልቅ ናቸው፤ ግን ለልጅ አይከብዱም። የሚያርሰው ሰው ለምን መሬት የለውም? ድህነት ወንጀል ነው ወይ? የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ሁለተኛውን ጥያቄ፣ የትራፊክ መብራት ይዞን በቆምንበት ሁሉ በራሷ አነጋገር ስትጠይቀኝ ቆይታለች።

እኔ ቢዝነስ ያጠናሁ የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝ። «ፖለቲካና ኤሌክትሪክ በሩቁ ነው» እየተባለ ካደገው ትውልድ ነኝና፣ የዚያ ዘመን ታሪክ በቤታችን ብዙም አይነሳም ነበር። ስለዚህ ለዚህ ጉዞ የአባቴን ታላቅ ወንድም ይዘን ሄድን። ጋሼ በ1965 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ የገቡ፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ትምህርቱ ተቋርጦ ገጠር የዘመቱ ሰው ናቸው። ልጄ «አባባ» ትላቸዋለች። የእኔን ጥያቄ በአጭሩ ነው የሚመልሱት፤ የእሷን ግን እንዲህ በቀላሉ አያልፉም።

ቤተ መንግሥት የነበረው ግቢ

ጉዞውን ከየካቲት 12 የሰማዕታት ሐውልት ጀምሩ። ሐውልቱ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እና በተከታዮቹ ቀናት በፋሺስት ጣሊያን ለተጨፈጨፉት የአዲስ አበባ ነዋሪዎች መታሰቢያ ነው። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት እዚያው ፊት ለፊት ባለው ግቢ ውስጥ ነበር። ያ ግቢ ያኔ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ይባል ነበር። ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ነው።

ቤተ መንግሥቱ እንዴት ትምህርት ቤት ሆነ? በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ ንዋይ የመሩት መፈንቅለ መንግሥት ተሞከረ። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎችም ደግፈው ሰልፍ ወጡ። ሙከራው ሲከሽፍ በገነተ ልዑል ታግተው የነበሩ ባለሥልጣናትና መኳንንት እዚያው ተገደሉ። ከዓመት በኋላ፣ በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በይፋ ሲመሠረት ንጉሡ ይህንኑ ቤተ መንግሥት ለትምህርት ሰጡት። ያን ስጦታ የተቀበሉት ተማሪዎች ብዙም ሳይቆዩ ሥርዓቱን የሚፈትን ጥያቄ አነሱ።

ሕንፃው አሁን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምን ሙዚየም ይዟል። ልጆች የሚወዷቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ የንጉሡ መኝታ ክፍል ነው። ሁለተኛው ከሕንፃው ፊት የቆመው ጠመዝማዛ ደረጃ ነው። የጣሊያን ፋሺስቶች ሥልጣን ከያዙ ጀምሮ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ እርከን እያሉ ሠሩት፤ ከነጻነት በኋላ ኢትዮጵያውያን አናቱ ላይ አንበሳ አስቀመጡበት። እርከኖቹን ልጆቻችሁ ይቁጠሩ።

ራስ መኮንን አዳራሽና የፋሽን ትርኢቱ

እዚያው ግቢ ውስጥ ራስ መኮንን አዳራሽ ይገኛል። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. እዚህ አዳራሽ የፋሽን ትርኢት ተዘጋጅቶ ነበር። ተቃዋሚ ተማሪዎች «አገሩ ተርቦ የምን ፋሽን ነው? ይህ የባዕድ ባህል ወረራ ነው» ብለው ተነሱ። እንግዶቹን በጩኸትና በእንቁላል ተቀበሏቸው። ፖሊስ ገባ፣ ተማሪዎች ታሰሩ፣ ዩኒቨርሲቲውም ለጊዜው ተዘጋ።

ሥራዬ ማስታወቂያ ነውና ይህን ታሪክ ያነበብኩት በሁለት ልብ ነው። ተማሪዎቹ ያነሱት ጥያቄ ይገባኛል። የሚበላው ያጣ ገበሬ በበዛበት አገር ስለ ልብስ ማጌጥ ምን ማለት ነው ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ግን በዚያ ቀን ውርደቱን የቀመሱት በአብዛኛው ሴት ተማሪዎች ነበሩ። ቁጥራቸው በግቢው ውስጥ ከእፍኝ የማይበልጥ ሴቶች ምን መልበስ እንዳለባቸው የሚወስኑት ወንዶች ሆኑ። ለጋሼ ይህን ስነግራቸው ትንሽ ዝም ብለው፣ «ስለ ጭሰኛው ሌሊቱን ሙሉ እንከራከር ነበር። ስለ እህቶቻችን ግን ማን ይናገር ነበር?» አሉ። ፍትሕ የሚጠይቅ ሰው አጠገቡ ያለውን በደል ላያይ እንደሚችል ለትልልቅ ልጆች ለማስረዳት ከዚህ አዳራሽ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

ገጠርን ያሳየው ዓመት

እነዚህ ወጣቶች ስለ ገበሬ ከየት አወቁ? ከመጽሐፍ ብቻ አልነበረም። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ እያንዳንዱ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በክፍለ ሀገር እንዲያገለግል ይደረግ ነበር። አብዛኞቹ አስተማሪ ሆነው ይሄዱ ነበር። ከከተማ የሄደው ወጣት በገጠር ከተማ ቤት ተከራይቶ፣ ከምርቱ ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ለባለመሬት የሚያስረክበውን ጭሰኛ ልጅ አስተምሮ ይመለሳል። የማስረከቢያው ቀን ሲደርስ ክፍሉ ለምን ባዶ እንደሚሆን ያውቃል። መንግሥት ለልማት ብሎ የጀመረው አገልግሎት ተማሪውን ከችግሩ ጋር ፊት ለፊት አገናኘው።

ልጄ እዚህ ላይ አቋረጠችን።

«አባባ፣ እናንተም መሬት አልነበራችሁም?»

«ነበረን» አሉ ጋሼ። «አባቴ አርሲ ውስጥ ሦስት ጋሻ መሬት ነበራቸው። የሚያርሱት ግን ሌሎች ሰዎች ነበሩ።»

«ታዲያ ስትጮሁ አባትህ አልተቆጡም?»

«ሁለት ዓመት አላናገሩኝም።»

እኔ ይህን ሰምቼ አላውቅም ነበር። አያቴና ታላቅ ልጃቸው ተኮራርፈው እንደነበር አባቴ አንድ ጊዜ አንስቶልኛል፤ ምክንያቱን ግን አልነገረኝም። ጋሼ ዓመቱን ቆጠሩልን። የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ያወጀው አዋጅ የወጣው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ እሳቸው ዘማች ሆነው ሌላ ክፍለ ሀገር ለገበሬዎች አዋጁን ያነቡ ነበር፤ በዚያው አዋጅ የአባታቸው መሬት ሄደ። ለፍትሕ የተጠየቀው ዋጋ ከራሳቸው ቤት ተከፈለ ማለት ነው። «ትክክል አልነበርኩም አልልሽም» አሉኝ፤ «አባቴ ግን ሌላ መተዳደሪያ አልነበራቸውም። እሱም እውነት ነው።»

አፍንጮ በር

ከስድስት ኪሎ ብዙ ሳይርቅ አፍንጮ በር አለ። የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ኅብረት ፕሬዚዳንት የነበረው ጥላሁን ግዛው ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. ማታ የተተኮሰበት እዚህ አካባቢ ነው። ጥላሁን ከንጉሣዊው ቤተሰብ ጋር በጋብቻ ከተሳሰረ ቤት የተወለደ ወጣት ነበር። ተማሪዎች አስከሬኑን ወደ ግቢው ይዘው መጡ። በማግሥቱ የክብር ዘበኛ ወታደሮች ተኩስ ከፍተው ስድስት ኪሎ ላይ ተማሪዎች ሞቱ፤ ብዙዎችም ቆሰሉ።

ከልጆች ጋር ስትሄዱ ይህን እንዴት እንደምትነግሩ ልጆቻችሁን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። እኛ ለልጃችን ያልናት «አንድ ተማሪ እዚህ ተገደለ፤ ጓደኞቹም ሊቀብሩት ሲሉ ተተኮሰባቸው» ብቻ ነው። «ምን አድርጎ?» አለች። «ጠይቆ» አሉ ጋሼ።

አምስት ኪሎ ላይ ዕረፍት

ከባዱን ታሪክ ከሰማችሁ በኋላ ልጆች እግራቸውንም ልባቸውንም የሚያሳርፉበት ቦታ ይፈልጋሉ። ወደ ታች ስትወርዱ አምስት ኪሎ ላይ የብሔራዊ ሙዚየሙን ታገኛላችሁ። ሉሲ፣ የእኛዋ ድንቅነሽ፣ እዚያ ናት። በ1967 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ንጉሡ ከዙፋን በወረዱ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ የተገኘች ናት። ቡና ጠጡ፤ ለልጆችም የሚቀምሱት ነገር ግዙ። ወደ አራት ኪሎ የሚቀረው መንገድ አጭር ነው።

አራት ኪሎ፤ ሁለት ቃል

አራት ኪሎ የዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ ቤት ነው። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ በ1943 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ዛሬ የሳይንስ ፋኩልቲ ብለን በምንጠራው ግቢ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ተማሪዎች በየዓመቱ በሚያከብሩት የኮሌጅ ቀን ግጥም ይወዳደሩ ነበር። የታምሩ ፈይሳ «ድኃው ይናገራል» የሚለው ግጥም በዚያ መድረክ ከተነበቡት ውስጥ ስሙ እስከ ዛሬ የሚነሳ ነው። ሰልፍ ከመለመዱ በፊት ስለ ድሃው የሚነገረው በግጥም ነበር።

ከዚያ ራቅ ሳይል ፓርላማው አለ። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የጭሰኛና የባለመሬት ግንኙነትን የሚመለከት ረቂቅ ሕግ ለፓርላማ ቀርቦ ነበር። ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» እያሉ ወደዚህ መጡ።

እኛ የማርኬቲንግ ሰዎች አንድ መፈክር ለማውጣት ስንት ስብሰባ እንቀመጣለን። ስንት ቃል እናባክናለን። «መሬት ላራሹ» ሁለት ቃል ብቻ ነው። ምን እንደሚፈለግ አለበት፣ ለማን እንደሚፈለግ አለበት። ማንበብ የማይችል ገበሬ አንዴ ሰምቶ ይይዘዋል። የሚቃወመው ባለመሬትም ምን እንደተባለ ለማወቅ አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ሁለቱ ቃላት አደባባይ በወጡ በአሥር ዓመታቸው አዋጅ ሆኑ።

ሾላ

በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1958 ዓ.ም.፣ ተማሪዎቹ ከገጠር ወደ ራሳቸው ከተማ ዞሩ። ሾላ ሲባል ለአዲስ አበባ ሰው ቀድሞ የሚመጣለት ገበያውና ወተቱ ነው። ያኔ ግን ሾላ የከተማው ዳርቻ ነበር፤ ከየመንገዱ የተሰበሰቡ ለማኞችና ችግረኞች ታፍሰው የሚቀመጡበት ካምፕም ነበረበት። ተማሪዎች ሰዎቹ ያሉበትን ሁኔታ አይተው ሰልፍ ወጡ። የያዙት ጥያቄ «ድህነት ወንጀል ነው ወይ?» የሚል ነበር።

ከጉዞው ሁሉ እኔን የያዘኝ ይህ ነው። የመሬቱ ጥያቄ የሥርዓት ጥያቄ ነው። የሾላው ጥያቄ ግን ስለ ዓይናችን ነው። ከተማ ሲያምር፣ እንግዳ ሲመጣ፣ በዓል ሲደርስ ድሃው ከፊታችን ዘወር እንዲልልን እንፈልጋለን? ዘወር ሲልስ ወዴት እንደሄደ እንጠይቃለን?

የዛሬው አራት ኪሎ አምሮበታል። የኮሪደር ልማቱ ሰፊ የእግረኛ መንገድና መብራት አምጥቶለታል። ልጅ ይዞ ለሚሄድ ወላጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ እኛም ተደስተን ተጠቅመንበታል። ያኔ ከአራት ኪሎና ከፒያሳ ሰፈሮች ተነስተው ወደ ከተማው ዳርቻ የሄዱ ቤተሰቦችም አሉ። ዕድርተኛ ከዕድርተኛ ተለያይቷል፤ እዚሁ እንጀራ ትሸጥ የነበረች እናት ደንበኞቿን አጥታለች። ሁለቱን ነገሮች አንድ ላይ መናገር ልማትን መጥላት አይደለም። ለልጄም የነገርኳት እንዲሁ ነው፤ መንገዱ ያምራል፣ እዚህ የነበሩት ሰዎች የት እንደገቡ መጠየቅም የእኛ ፋንታ ነው።

ከዚያ በኋላ ለምን ዝም አልን?

በየካቲት 1966 ዓ.ም. የተማሪው ጩኸት ብቻውን አልነበረም። ባለታክሲዎች በነዳጅ ዋጋ፣ መምህራን በትምህርት ሴክተር ሪቪው የተነሳ ሥራ አቆሙ። ወታደሩም ተነሳ። በመስከረም 1967 ዓ.ም. ደርግ ሥልጣን ያዘ። በ1967 ዓ.ም. ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ተላኩ።

የዚያ ትውልድ ልጆች ግን በመልሱ ላይ አልተስማሙም። የትናንት ጓደኛሞች በተለያየ ድርጅት ተከፍለው ተጋደሉ። በቀይ ሽብር ዘመን ስንት ቤት ልጁን እንዳጣ ለማየት መስቀል አደባባይ ያለውን፣ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ጎብኙ። ትንንሽ ልጆችን ግን አትውሰዱ። እዚያ ግድግዳ ላይ የሚታዩት ፎቶግራፎች የአሥራ ስምንትና የሃያ ዓመት ፊቶች ናቸው።

ያ ሁሉ ካለፈ በኋላ እንኳ ጥያቄ ማንሳት አልቀለለም። በሚያዝያ 1993 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ፖሊስ ከግቢ እንዲወጣ፣ የራሳቸው ነጻ ማኅበርና ጋዜጣ እንዲኖራቸው ሲጠይቁ ነገሩ ወደ ከተማው ተዛምቶ የብዙ ሰው ሕይወት ጠፋ። እኔ ያኔ ሕፃን ነበርኩ። የማስታውሰው በሩ መቆለፉንና እናቴ ድምፃችንን ዝቅ እንድናደርግ መለመኗን ነው።

ዝምታችን ከየት እንደመጣ የገባኝ በዚህ ጉዞ ነው። ወላጆቻችን «በሩቁ» ያሉን ፍትሕን ጠልተው አይደለም፤ ልጅ ቀብረው፣ ወንድም አጥተው ነው። ፍርሃታቸው ምክንያት ነበረው። ግን ከፍርሃቱ ጋር ጥያቄውም አብሮ ተቀበረ። ስለ ጭሰኛው፣ ስለ ለማኙ የተጠየቀው ነገር፣ በኋላ ከተሰጠው መልስና ከፈሰሰው ደም ጋር ተደባልቆ እንደ ጥፋት ተቆጠረ። ልጄ ከመኪና መስኮት ስትጠይቀኝ «ዝም በይ» የማልላት ለዚህ ነው። በመልሱ የተጎዱትን ሰዎች ታሪክ እነግራታለሁ፤ ጥያቄዋን ግን አልነጥቃትም።

ጋሼ ይህን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «አንድ ነገር ጨምሪላት» አሉ። «እኛ የማይስማማንን ሰው መስማት አላወቅንበትም ነበር። መጠየቅ እንዳስተማርሻት ሁሉ መስማትም አስተምሪያት።»

መሄድ ላሰባችሁ

ቅዳሜ ጠዋት ጥሩ ጊዜ ነው። ወደ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ለመግባት በር ላይ ፍተሻ ስላለ መታወቂያ ያዙ። ሙዚየሞቹ ክፍት የሚሆኑበትን ሰዓት ቀድማችሁ አረጋግጡ። ከስድስት ኪሎ ጀምራችሁ ወደ አራት ኪሎ ውረዱ፤ በተቃራኒው ከሄዳችሁ ዳገቱ ልጆቹን ያደክማል። ውኃና ምቹ ጫማ አትርሱ። አሥራዎቹን የያዙ ልጆች ካሏችሁ የሕይወት ተፈራን «ማማ በሰማይ» ከጉዞው በፊት ወይም በኋላ ቢያነቡ ይጠቅማቸዋል፤ በዚያ ዘመን ተማሪ የነበረች ሴት የጻፈችው የራሷ ታሪክ ነው።

ከሁሉም በላይ በቤታችሁ ወይም በጎረቤት ዘመኑን የሚያውቅ ሰው ካለ ይዛችሁ ሂዱ። ሰዎቹ አሁን ሰባዎቹን አልፈዋል። በየደረሳችሁበት አታስቸኩሏቸው፤ የምትጠይቁት ሲያልቅባችሁ ልጆቻችሁ ይጠይቁላችሁ። ጋሼ አራት ኪሎ ስንደርስ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የአባታቸውን የጭሰኞች ስም አንድ በአንድ ለልጄ ነገሯት። ሰባት ናቸው። ሁሉንም በደብተሯ ጽፋቸዋለች።